ዶርም ገብቶ ከቤቱ ያልወጣ ተማሪ፦ የማያቋርጥ የኦንላይን ግንኙነትና የኮሌጅ ሕይወት

ጥያቄ፦ ከአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አማካሪ

ሥራዬ ወደ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሚገቡ ተማሪዎችን ማማከር ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን በመጀመሪያው ሴሚስተር አብዝቼ የምሰማው ናፍቆት ነበር። ቤተሰባቸው ይናፍቃቸዋል፣ አብሮ አደጎቻቸው ይናፍቋቸዋል፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ክፍል ማደር ይከብዳቸዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አብዛኞቹ ለምደውና ጓደኛ አፍርተው አገኛቸው ነበር። አሁን የሚነግሩኝ ከዚህ ይለያል። ከወላጆቻቸው ጋር በየቀኑ፣ አንዳንዶቹም በቀን ደጋግመው ይነጋገራሉ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር የከፈቱት የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት አያርፍም። የሚያናግራቸው ሰው አጥተዋል ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲቃረብ «እዚህ የማውቀው ሰው የለም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ይህን የሚሉኝም ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በአንድ ዶርም እያደሩ ነው።

ዩኒቨርሲቲና የኮምፒውተር ግንኙነት ከጥንስሱ የተዛመዱ ናቸው። የኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያ መልእክቱን ያስተላለፈው በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነበር። ፌስቡክም በ2004 ሲጀመር የሃርቫርድ ተማሪዎች ብቻ የሚገቡበት ነበር፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ኮሌጆች በየተራ ተዳረሰና በ2006 ለሁሉም ሰው ክፍት ሆነ። ይህ በየተራ መዳረሱ በኋላ ለተመራማሪዎች መልካም ዕድል ፈጠረ። ሉካ ብራጊየሪ፣ ሮኤ ሌቪ እና አሌክሲ ማካሪን በ2022 ባሳተሙት ጥናት ፌስቡክ ቀድሞ የደረሰባቸውን ኮሌጆች ገና ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽረው፣ መድረኩ በገባበት ኮሌጅ የተማሪዎች የአእምሮ ጤና፣ በተለይም ከድባቴ ጋር የተያያዘው ክፍል፣ መባባሱን አሳይተዋል፤ ለዚህም ዋነኛ መንሥኤ ሊሆን ይችላል ያሉት ተማሪዎች ራሳቸውን ከሌሎች ጋር ማወዳደራቸውን ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሁሉ የሆነው ስማርት ስልክ በየኪሱ ከመግባቱ በፊት፣ ተማሪው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ብቻ ይገናኝ በነበረበት ጊዜ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከድባቴም ሆነ ከፈተና ውጤት ቀድሞ ያለ ነገር ነው። ወጣት ወደ ኮሌጅ ሲሄድ አንድ ሕይወት ትቶ ሌላ ሕይወት ይጀምራል ብለን እናስብ ነበር። የቀድሞው ሕይወት ሳይቋረጥ አብሮ ሲመጣ አዲሱ እንዴት ይጀመራል? ይህን በቅርብ ያያችሁ፣ በተለይም ተማሪዎች የሆናችሁ፣ የታዘባችሁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። ለአዲስ ገቢዎች የምንሰጠውን ኦረንቴሽን እንደገና በማዘጋጀት ላይ ስለሆንን ምክራችሁ በቀጥታ ሥራ ላይ ይውላል።

መልስ፦ ከአንድ የስታቲስቲክስ መምህር

ጥያቄዎ ስለ ማኅበራዊ ሕይወት መሆኑን ተረድቻለሁ፤ እኔ ግን ተማሪዎችን የማያቸው ከመማሪያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር፤ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ቦታ ላይ የሚገናኙ ይመስለኛል።

ፋሪያ ሳና፣ ቲና ዌስተን እና ኒኮላስ ሴፔዳ ካናዳ ውስጥ ሠርተው በ2013 ባሳተሙት ሙከራ፣ ትምህርት እየተሰጠ በላፕቶፓቸው ሌላ ነገር እንዲሠሩ የተደረጉ ተማሪዎች በኋላ በተሰጣቸው ፈተና ከሌሎቹ 11 በመቶ ያነሰ ውጤት አመጡ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ትኩረቴን የሳበው ሁለተኛው ሙከራ ነው፤ ራሳቸው ምንም መሣሪያ ሳይነኩ በወረቀት ማስታወሻ እየያዙ፣ ነገር ግን የሌላው ሰው ስክሪን ከሚታይበት ቦታ የተቀመጡ ተማሪዎች፣ ስክሪን ከማይታይበት ቦታ ከተቀመጡት 17 በመቶ አንሰው ተገኙ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለነበር አኃዙን እንደ ቋሚ ሕግ ልንይዘው አይገባም። ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተካሄደውና በ2017 የታተመው ሰፊ ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል፤ ላፕቶፕና ታብሌት በነፃነት የተፈቀደባቸው የኢኮኖሚክስ ክፍሎች ከተከለከለባቸው ክፍሎች ይልቅ በማጠቃለያ ፈተና 0.18 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካበት አሃድ) ዝቅ ብለዋል። ልዩነቱ በጣም ትልቅ አይደለም፤ ግን በጥብቅ ሥነ ሥርዓት በሚታወቅ፣ ክፍሎቹም አነስተኛ በሆኑበት ተቋም የታየ መሆኑን ሳስብ ቀላል ነው ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሌሎች በየስብሰባው የሚጠቀሱ ጥናቶች ላይ ግን ጥንቃቄ እንድናደርግ እለምናለሁ። ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ብቻ የአእምሮን አቅም ይቀንሳል የሚለው የ2017 ጥናት ከዚያ በኋላ በተደጋገሙ ሙከራዎች ሁልጊዜ አልተረጋገጠም። በእጅ ማስታወሻ መያዝ በኮምፒውተር ከመያዝ ይበልጣል የሚለው የ2014 ሥራም እንደዚሁ ነው፤ በኋላ ሲደገም በኮምፒውተር የሚጽፉ ተማሪዎች የመምህሩን ቃል እንዳለ መገልበጣቸው ቢታይም የፈተና ውጤቱ ልዩነት እንደተባለው ሆኖ አልተገኘም። ለተማሪዎች ደንብ ስናወጣ ያልጸና ማስረጃ ይዘን ከወጣን፣ ማስረጃው ሲወድቅ ደንቡም ተሰሚነቱን ያጣል።

ወደ ጥያቄዎ የሚያደርሰኝ የሚከተለው ትዝብት ነው። ቀደም ሲል ትምህርት ካለቀ በኋላ ጥያቄ ያላቸው ተማሪዎች ጠረጴዛዬ አጠገብ ይሰለፉ ነበር። አንዱ ሲጠይቅ ሌሎቹ ይሰማሉ፤ አንዳንዱ ሊጠይቅ የመጣው ነገር ከፊቱ በቆመው ተማሪ ተጠይቆ ስለሚመለስለት ከእሱ ጋር እያወራ ይወጣል። «ለካ አንተም አልገባህም ነበር» የሚለው ንግግር ስንት ጓደኝነት እንዳስጀመረ መገመት አይከብድም። ዛሬ ያው ጥያቄ ማታ በመልእክት ይደርሰኛል። አንድ ዓይነት ጥያቄ ከብዙ ተማሪዎች ለየብቻ ይመጣል፣ እኔም ለየብቻ እመልሳለሁ፤ አንዳቸውም ሌሎቹ መጠየቃቸውን አያውቁም። ተማሪው መልሱን ቀድሞ ያገኘዋል፣ ለዓይን አፋሩም መንገዱ ተመችቶታል፤ አጠገቡ ያለው ሰው እንደ እሱ መቸገሩን የሚያውቅበት አጋጣሚ ግን ቀርቷል። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያሉት ደቂቃዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ የሚሰማ ድምፅ የለም።

መልስ፦ ከአንዲት የአራተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ

የተከበሩ አማካሪ፣ ያነሡት ሐሳብ በእኛ ትምህርት ዘርፍ የቆየ ነው። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ቪንሰንት ቲንቶ በ1975 ተማሪዎች ኮሌጅን ለምን አቋርጠው እንደሚወጡ ሲተነትን፣ ተማሪው ከተቋሙ የትምህርትና የማኅበራዊ ሕይወት ጋር መዋሐዱን ዋና ጉዳይ አድርጎ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ ቲንቶ፣ የባህል አጥኚው አርኖልድ ቫን ጌኔፕ ሰውን ከአንድ የሕይወት ደረጃ ወደ ሌላው ስለሚያሻግሩ ሥርዓቶች በ1909 ካቀረበው ትንታኔ ተነሥቶ፣ ተማሪ መጀመሪያ ከነበረበት ማኅበረሰብ ይለያል፣ ቀጥሎ በሁለቱ መካከል ይቆያል፣ በመጨረሻም ከአዲሱ ጋር ይዋሐዳል አለ። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ተተችቷል። በተለይ ከአናሳ ማኅበረሰቦች ለሚመጡ ተማሪዎች ከቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር በትምህርታቸው እንዲጸኑ የሚያግዛቸው እንጂ የሚጎትታቸው አለመሆኑን ተመራማሪዎች አመልክተዋል፤ ቲንቶም በኋላ ሐሳቡን አሻሽሏል። ስለዚህ ተማሪው ከቤቱ አለመቆረጡን ብቻውን እንደ ጉድለት ብንወስደው እንሳሳታለን። እኔ ያየሁት ችግር፣ በመካከል የሚቆይበት ጊዜ ማለቂያ ማጣቱ ነው። ወደ ኋላም አይመለስም፣ ወደ ፊትም አይገባም፤ ስልኩ ሁለቱንም ውሳኔ ለነገ ለማሳደር ያስችለዋል።

ይህ የሚሆንበትን መንገድ በቅርብ አይቻለሁ። አዲስ ሰው ጋር መቀመጥ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ምን እንደምትነጋገሩ አታውቁም፣ ዝምታው ያስጨንቃል። ቀድሞ ያንን ዝምታ መታገሥ ግድ ነበር፣ ሌላ የሚያወራ ሰው ስላልነበረ። አሁን ግን ዝምታው እንደ ጀመረ ወደሚያውቁህ፣ ቀልድህ ወደሚገባቸው፣ ማንነትህን ማስረዳት ወደማያስፈልግህ ሰዎች መሄድ ትችላለህ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው አዲስ በመሆኑ ብቻ ከቀድሞዎቹ ጋር ሲወዳደር ሁልጊዜ ይሸነፋል። ይህን የሚያደርገው ተማሪ ሰነፍ ወይም ኩሩ አይደለም፤ ቀላሉ መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ ከባዱን እንዲመርጥ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ጄፍሪ ሆል የተባሉ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የገቡ ተማሪዎችንም ጨምረው፣ ትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ገደማ፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምተዋል። ከዚያም በላይ፣ በሥራ ወይም በትምህርት ምክንያት ጎን ለጎን መቀመጥ አብሮ እንደ መዝናናት ያህል አያቀራርብም። ይህን ሳነብ የገባኝ ነገር፣ አብሮኝ በክፍል ውስጥ ስለተማረ ብቻ አንድ ሰው ጓደኛዬ እንደማይሆን ነው። ያ ሁሉ ሰዓት ይገኝ የነበረው ከትርፍ ጊዜ ነበር፤ ትርፍ ጊዜው ደግሞ አሁን ባለቤት አለው።

ሁለተኛው ነገር አጋጣሚ ነው። ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተር እና ኩርት ባክ በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪ ቤተሰቦች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን ጋር ጓደኛ እንደሚሆን በእጅጉ የሚወስነው የበሮቹ መቀራረብና የደረጃው አቀማመጥ ሆኖ አግኝተውታል። ሰዎቹ ተመራርጠው አልነበረም፤ ሲወጡና ሲገቡ ስለሚገናኙ ነበር። በእኛ ዶርም ያሉት በሮች እንደዚያው ተቀራርበዋል፣ በኮሪደሩ የሚያልፈው ተማሪ ግን ጆሮው በማዳመጫ ተይዟል፣ ዓይኑም ስልኩ ላይ ነው። ቅርበቱ ሳይለወጥ መገናኘቱ ብቻ ተቀንሷል።

ስለ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋልና። ሁለት አብረው የሚያድሩ ተማሪዎች በመብራት ማጥፊያ ሰዓት ወይም በጽዳት ሲጋጩ፣ ቀድሞ ወይ ተነጋግረው ይፈቱታል፣ ወይ ጎረቤት ዶርም ያሉ ያስታርቋቸዋል። አሁን ጭቅጭቁ ገና ሳይበርድ አንደኛዋ ለእናቷ በመልእክት ትነግራለች። እናት የልጇን ወገን ብቻ ሰምታ፣ ከልጇ ጋር አብራ ተቆጥታ፣ ምክር ትልካለች። ሌላኛዋም ለቤቷ እንዲሁ አድርጋለች። ሁለት ልጆች ሊፈቱት የሚችሉት ጉዳይ የሁለት ቤተሰብ ጠብ ሆኖ ያድራል፤ በማግሥቱ ልጆቹ ቢረሱት እንኳ ወላጆች «ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?» ብለው ያስታውሷቸዋል። እናቶቹ ክፋት አስበው አይደለም። እንዲያውም በጭንቅ ሰዓት የእናት ድምፅ ቶሎ መሰማቱ ብዙ ተማሪ ከመንገድ እንዳይወጣ እንደረዳ አውቃለሁ። ሆኖም ከእኩያ ጋር ተጣልቶ ራስን ችሎ መታረቅ በዚህ ዕድሜ መማር ያለበት ነገር ነው፤ መማሪያው አጋጣሚም ያው ጠቡ ነበር።

መልካሙን ጎን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ኒኮል ኤሊሰን፣ ቻርልስ ስታይንፊልድ እና ክሊፍ ላምፕ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ አድርገው በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ፌስቡክ መጠቀም ሰፋ ካለ የትውውቅ መረብ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ በተለይም ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ላላቸው ተማሪዎች ጥቅሙ ጎልቶ እንደሚታይ አሳይተዋል። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እንዳስረዳው፣ አዲስ ወሬና አዲስ ዕድል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጆቻችን ሳይሆን በሩቁ ከምናውቃቸው ሰዎች ነው። የዚያን ጊዜው ፌስቡክ ተማሪውን ከራሱ ኮሌጅ ሰዎች ጋር ያገናኘው ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያየሃትን ልጅ ስም ፈልገህ ታገኝበት ነበር። የዛሬዎቹ መድረኮች የሚያቀርቡልን ግን በአብዛኛው ከዚህ ግቢ ውጭ ያለውን፣ ጨርሶ የማናገኘውን ሰው ነው። ይህ ልዩነት ከስክሪን ሰዓት ብዛት የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ።

መልስ፦ ከአንዲት እየሠራች የምትማር እናት

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ዶርም ስለሚያድር ወጣት ነው። እኔ የማድረው ከልጆቼ ጋር ነው፣ ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ የምማረው ማታ ነው። ለእኔ ኮሌጅ ከቤት መውጣት ማለት ሆኖ አያውቅም። ልጄ ታማ የቀረሁበትን ሌክቸር ተቀድቶ በማግኘቴ፣ የቡድን ሥራውን በጋራ ሰነድ ላይ በራሴ ሰዓት መጻፍ በመቻሌ ነው እስከዚህ የደረስኩት። የክፍል ጓደኞቼን ስም የማውቀው ከቴሌግራም ግሩፑ ነው፤ ያ ግሩፕ ባይኖር ኖሮ በክፍሉ መኖሬን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለወጣቶቹ ብላችሁ ነገሩን ሁሉ በአካል ወደሚደረግ ስብሰባ ስትመልሱ፣ ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ከሆነ እኔና እኔን የመሰሉ ሰዎች በሩ ይዘጋብናል።

መልስ፦ ከአንድ የክፍል ተጠሪ

ሁላችሁም ስለ ተማሪው ልማድ ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ተቋሙ ልጻፍ። ተማሪው ስልኩን ያልዘጋው ሱስ ስለያዘው ብቻ ተደርጎ ይነገራል፤ ስልኩን ቢዘጋ ግን ትምህርቱ ያመልጠዋል። የክፍል ለውጥ የሚነገረው በግሩፕ ነው። የአሳይንመንት መመሪያ፣ የፈተና ቦታ፣ የመምህሩ መቅረት፣ የውጤት መለጠፍ ሁሉ የሚመጣው በዚያው በግሩፕ ነው፤ ያውም ከቀልድና ከማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። እንደ ተጠሪነቴ መልእክቱን የማስተላልፈው እኔ ስለሆንኩ ሰዓቱን አውቃለሁ። ማታ ተማሪው ከተኛ በኋላ ለነገ ጠዋት የሚመለከት ለውጥ ይደርሰኛል፤ ወዲያው ካላስተላለፍኩ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ካስተላለፍኩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጥያቄ ስመልስ አድራለሁ። ግሩፑን ድምፅ አልባ ያደረገ ተማሪ ጠዋት ባዶ ክፍል ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ድምፁን መልሶ ያበራዋል፣ ሁለተኛም አያጠፋውም።

የማስረከቢያ ሰዓቱም ተለውጧል። ወረቀት በእጅ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ሥራው የሚያልቀው ቢሮ ሳይዘጋ ነበር። ትምህርትን በኦንላይን ለማስተዳደር የሚያገለግሉት ብላክቦርድ በ1997፣ ሙድል ደግሞ በ2002 ከመጡ ወዲህ፣ በእነዚህና በመሰል ሥርዓቶች ማስረከቢያው ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት እንዲሆን ተለምዷል። ለተማሪው የተሰጠ ተጨማሪ ጊዜ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ምሽቱ በሙሉ የሥራ ሰዓት መሆኑ ነው። ሁሉም አንድ ቀን ሲያስረክብ ዶርሙ በዚያ ሌሊት አብሮ ያመሻል፤ ቀድሞ የጨረሰውም ቢሆን በግሩፑ ውስጥ በሚጎርፈው ጥያቄና ጭንቀት እንቅልፍ አያገኝም። ስለ ስክሪን ብርሃንና ስለ እንቅልፍ ብዙ ይነገራል፣ ብርሃኑም የራሱ ድርሻ አለው፤ እኔ የማየው ግን ተማሪውን ከብርሃኑ ይበልጥ የሚያነቃው በመልእክቱ ውስጥ ያለው ነገር መሆኑን ነው።

ብዙው ልማድ የጸናው በ2020 ይመስለኛል። በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ ዩኔስኮ እንዳስታወቀው በሁሉም የትምህርት ደረጃዎች ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር፤ በዚያን ጊዜ በየሰዓቱ መልእክት መላክ ግዴታ ነበር። በሮቹ ሲከፈቱ ግን ለአስቸኳይ ጊዜ የተጀመረው አሠራር መደበኛ ሆኖ ቀጠለ። ሠራተኞች ለዚህ ችግር ሕግ አግኝተዋል። ፈረንሳይ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት የመላቀቅ መብቱን በተመለከተ እንዲደራደሩ ደንግጋለች፤ ሌሎች አገሮችም ተከትለዋታል። ተማሪ ግን የሥራ ሰዓት የለውም፤ ስለዚህ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚባል ጊዜም የለውም።

ሌላው ደግሞ፣ «ሁልጊዜ ኦንላይን የሆነ ተማሪ» ስንል ሁሉም እኩል የተገናኘ እንዳይመስለን። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2024 ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ 2.6 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ኢንተርኔት አይጠቀሙም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በአብዛኛው ስልክ ይኖረዋል፤ ሆኖም ስልኩ የሚሰበርበት፣ ዳታ የሚያልቅበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት አለ። ተቋሙ ሁሉም ሰው በየደቂቃው ይደርሰዋል ብሎ ሲሠራ፣ ያልደረሰው ተማሪ መረጃ እንደ ተነፈገ ሳይሆን ቸልተኛ እንደ ሆነ ተደርጎ ይታያል። እንዲህ ሲባል ያለቀሰ የክፍል ጓደኛ አለኝ።

ስለዚህ ለኦረንቴሽኑ የማቀርበው ሐሳብ ለተማሪዎች ብቻ የሚሆን አይደለም። ኦፊሴላዊ ማስታወቂያ የሚወጣበት አንድ ቦታ ይኑር፣ እዚያም ወሬ አይግባ። ለሚቀጥለው ቀን የሚመለከት ለውጥ ከተወሰነ የምሽት ሰዓት በኋላ ከተነገረ፣ ያላየው ተማሪ በመቅረቱ አይቀጣ። ማስረከቢያው ቀን ላይ ይሁን። እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ «ስልክህን አስቀምጥ» ብትሉን የምንሰማችሁ ይመስለኛል።

መልስ፦ ከጠያቂው አማካሪ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የክፍል ተጠሪው የጻፉትን ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች እወስደዋለሁ፤ ተማሪ በማስታወቂያ ሰዓት ምክንያት እንዳይቀጣ የሚለው ነጥብ በተለይ ሊዘገይ የሚገባው አይደለም። የስታቲስቲክስ መምህሩ ስለ ማስረጃ የሰጡት ማሳሰቢያም ጠቅሞኛል፤ ከኦረንቴሽን ጽሑፋችን ውስጥ ስለ ስልክና ስለ አእምሮ አቅም በእርግጠኝነት የተጻፈውን አንቀጽ እናወጣዋለን። እግረ መንገዴን መምህሩን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ማታ ለየብቻ የሚደርስዎትን ጥያቄ የጠያቂውን ስም ሳይጠቅሱ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ቢመልሱት፣ የቀረው ነገር በከፊል የሚመለስ አይመስልዎትም?

በሥራ ባልደረቦቼ መካከል በመጀመሪያው ሳምንት ምሽቶች ስልክ ተሰብስቦ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ እያመነታሁ ነው። የተማሪዋ ጽሑፍ እንዳስገነዘበኝ፣ ቤተሰብን ማግኘት ለአንዳንዱ ተማሪ መቆሚያው ነው፤ እየሠሩ የሚማሩት እናት ደግሞ ስልካቸውን ለማንም ሊያስረክቡ አይችሉም። ሆኖም ምንም ሳናደርግ መቅረትም አልፈልግም። ከዚህ የተሻለ ነገር ካያችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ከአራተኛ ዓመቷ የሶሲዮሎጂ ተማሪ

ስልክ መሰብሰቡን አልደግፍም፤ የአንድ ሳምንት ምሽት ቢጠራቀም እንኳ ከ50 ሰዓት አይደርስም፣ ስልኩ ሲመለስም ሁሉም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የሚሻለው ከስድስት እስከ ስምንት ተማሪዎች ያሉበት ቡድን በመጀመሪያው ሳምንት ተመሥርቶ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ፣ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ እንዲገናኝ ማድረግ ነው። ቡድኑ በዶርም ኮሪደር ቢመደብ በየቀኑ የሚተላለፉት ሰዎች ይሆናሉ፤ ለማታና ለሚሠሩ ተማሪዎች ደግሞ ከትምህርት ሰዓታቸው በፊት በዚያው ሕንፃ የሚገናኝ ሌላ ቡድን ሊኖር ይገባል። የሚመራው የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መምህር ካለበት ስብሰባው ክፍል ይሆናል። ውጤት አይያዝበት፣ ሪፖርት አይጻፍበት፤ አብሮ መራመድ ወይም ኳስ መጫወት ይበቃል። ግሩፕ ቢከፍቱም አይከፋም፣ መገናኛ ሰዓቱን ለማስታወስ ያገለግላቸዋል።

በእኛ ትምህርት ክፍል ቡድን ለመምራት ፈቃደኛ የሚሆኑ ተማሪዎችን መጠየቅ እችላለሁ። የዶርም ምደባው ዝርዝር ከኦረንቴሽኑ አስቀድሞ ከደረሰን ቡድኖቹን በየኮሪደሩ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ዝርዝሩ መቼ እንደሚወጣ ቢያሳውቁን።